ኡስማን ሰላምታ ያቆመበት ሰሞን

ነገሩ የጀመረው በደግነት ነው። ኡስማን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልደረሰበት።

ኡስማን የወሎ ሰው ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ። ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ማኔጀር ነው። ማኔጀር ሲባል ከረባት እንዳይመስላችሁ። አምፑል ይቀይራል፣ ቧንቧ ሲፈስ ባልዲ ይዞ ይሮጣል፣ ክፍል ሲለቀቅ ለመጣው ሁሉ እየከፈተ ያሳያል። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን አንደኛ ቁጥር አፓርትመንት ከሥራው ጋር ይሰጠዋል። እዚያ ከሚስቱ ከሰውዳና ከልጁ ከሒክማ ጋር ይኖራል። ሒክማ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ከሳሎኑ መስኮት ይታያል፤ እዚያ የተመደበችውም አድራሻዋ እዚያ ሰፈር ስለሆነ ነው። አድራሻው ሄደ ማለት ትምህርት ቤቱም ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ኡስማን በግንባሩ ተደፍቶ አላህን ሲለምን፣ ከጀነት ቀጥሎ የሚለምነው አንደኛ ቁጥርን ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተለቀቀ። ሊያዩት መጀመሪያ የመጡት ሦስት ድንቢጥ የሚያካክሉ ልጆች ያስከተሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ኡስማን ልጆቹን አየ፤ ደረጃውን አየ፤ አንጀቱ አልቻለም።

«ይሄን ተዉት» አላቸው። «ደረጃው ገደል ነው። ታች ያለው በቅርቡ ይለቀቃል፣ እሱን ጠብቁ። እንደ አጎታቸው ሆኜ ነው የምነግራችሁ።»

የልጆቹን ጉንጭ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጎ፣ በየእጃቸው ብስኩት አስይዞ ሸኛቸው። ያን ቀን ትልቅ ሰደቃ እንዳወጣ ሰው ደስ ብሎት ዋለ።

ሰዎቹ ግን ከዚያ በቀጥታ የሄዱት ክስ ለማቅረብ ነው።

ሎሬይን መጣች። ሎሬይን ሕንፃውን ከያዘው ኩባንያ የተላከች የኡስማን አለቃ ናት፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት። አስፋልቱ ላይ እንደቆመች ጀመረች።

«ኡስማን፣ ልጆች ያሏቸውን ሰዎች ወደ ታች ፎቅ ገፍተሃል?»

«ኧረ አልገፋሁም! አዘንኩላቸው እንጂ።»

«ማዘን አትችልም።»

«ማዘን አልችልም?»

«የፌዴራል ሕግ ነው። ልጅ ስላላቸው ቤት መከልከል፣ ወይም ‹እናንተ እዚህ ይሻላችኋል› ብሎ መምራት አይቻልም። አንተ በሩን ትከፍታለህ፣ እነሱ ይመርጣሉ። በቃ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አለቆቼ ተቆጥተዋል። አሁን ትሬኒንግ ትወስዳለህ። ከዚያ በኋላ አንድ ኮምፕሌን ከመጣ ግን ቁልፍህን እረከባለሁ። የአንደኛ ቁጥርንም ጭምር።»

ትሬኒንጉ ሳንሆዜ ነበር። ያደረሰው ክንፉ ነው። ክንፉ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ የጎንደር ሰው ሲሆን፣ ከኡስማን ጋር ሳይሰዳደብ የዋለበት ቀን የለም። እሱ መኪናው ውስጥ ሊተኛ ቀረ፤ ኡስማን ገባ።

አሠልጣኙ ትልቅ ሆድና ትንሽ ከረባት ያለው ሰው ነበር። ሕጉ ለምን እንደወጣ ነገራቸው። በዚህ አገር ጥቁር ሰው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ቤት ሲጠይቅ በር ይዘጋበት እንደነበር፣ ሰፈር የተከለከለ ሰው ልጁን የሚያስገባበት ደህና ትምህርት ቤትም እንደሚከለከል፣ ፌዴራል መንግሥቱ ገብቶ «ይቅር» እስኪል ስንት ሰው እንደተጎዳ አስረዳ። ኡስማን ራሱን ነቀነቀ። እሱም አገሩ አዲስ በሆነበት ጊዜ ኮንኮርድ ውስጥ አንድ ክፍል በስልክ «ና እየው» ተብሎ፣ በሩ ላይ ሲደርስ «ተይዟል» ተብሏል። ማስታወቂያው ግን መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። ስለዚህ ሕጉን እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደደው። ችግሩም ከዚህ ነው የመጣው። አጥብቆ ወደደው።

«ሰባት ነገሮች አሉ» አለ አሠልጣኙ። «ዘር፣ የቆዳ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታ፣ የትውልድ አገር፣ የአካል ጉዳት፣ የቤተሰብ ሁኔታ። እነዚህን የሚነካ፣ ለሥራችሁ የማያስፈልግ ጥያቄ አትጠይቁ።»

ኡስማን በጣቶቹ ያዛቸው። ይዟቸውም አሰበ። አንድ ሰው በሩ ላይ ሲመጣ እሱ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? እንዴት አደርሽ፣ ጤናሽስ? ይህ እንግዲህ የአካል ጉዳት መሆኑ ነው። ልጆች ደህና ናቸው? የቤተሰብ ሁኔታ። የት አገር ልጅ ነሽ? የትውልድ አገር። አልሐምዱሊላህ ሲልና ሲያስብል ደግሞ ሃይማኖት። ላብ አጠመቀው። ሰውን ገና «ግባ» ሳይል የሕጉን እኩሌታ ጥሶ ነው የሚቆመው! እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሰላም ባለ ቁጥር ወንጀል ሲሠራ ኖሯል!

በዚያች ቅጽበት አሠልጣኙ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ተናገረ። «ዋናው ግን ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መሆን ነው» አለ። ኡስማን አልሰማውም። በሐሳብ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ የአክስቱ ደጅ ቆሞ፣ የአክስቱን ሰላምታ ከላይ እስከ ታች ሲፈትሽ ነበር። አክስቱ ከብቶቹንም ስለምትጠይቅ እነሱ ከየትኛው እንደሚመደቡ ግራ ገባው። ወደ ሳንሆዜ ሲመለስ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ቴስተሮች ይመጣሉ። ቤት ፈላጊ መስለው የሚፈትኑ ሰዎች ናቸው። ማን እንደሆኑ አታውቁም።»

መኪናው ውስጥ ክንፉ እያዛጋ «እሺ፣ ምን ተማርክ?» አለው።

«ሰላምታ ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለው?»

«ዋሽንግተን።»

«ዋሽንግተን ያንተን ሰላምታ ሰምቷል ማለት ነው?» ክንፉ መሪውን በጥፊ መታው። «ሰምቶ ከሆነ አልፈርድበትም። እኔም እኮ አንዳንድ ቀን በኋላ በር ነው የምወጣው።»

«ሳቅ አንተ። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ምን አልከኝ?»

«ወገብህን ተሻለህ ወይ አልኩህ።»

«አየህ! የአካል ጉዳት።»

«ወገብህን መጠየቅ?»

«ከዚያስ? ‹ሒክማ እንዴት ናት› አላልክም?»

«አልኩ።»

«የቤተሰብ ሁኔታ። ክንፉ፣ አንተ ማኔጀር ብትሆን ኖሮ ይሄኔ እስር ቤት ነበርክ።»

ማታ ልምምድ ሆነ። ሰውዳ ቤት ፈላጊ ሆና ከውጭ አንኳኳች። ኡስማን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፈተ።

«እንደምን ዋሉ?» አለች ሰውዳ።

ዝም።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደምን ዋሉ ነው የምልህ።»

«ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«ልጆችስ ደህና ናቸው?»

«ስለ መስኮቱ ጥያቄ አለዎት?»

«ኧረ ልጅህ እኮ አጠገብህ ተቀምጣለች! ደህና ናት በላ!»

ሒክማ ከስልኳ ቀና ሳትል «ዳድ፣ ዲስ ኢዝ ሶ ዊርድ» አለች።

«ይህን ለመመለስ አልተፈቀደልኝም» አለ ኡስማን ጣራውን እያየ። ሰውዳ «ያ ሰላም!» ብላ በሩን ራሷ ዘጋችው።

በማግስቱ ኮሊን የሚባል ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ፓሎ አልቶ ነው የሚሠራው። ኡስማን በሩን ከፈተ።

«ሃይ፣ ሃው አር ዩ?» አለ ኮሊን።

«ጉድ። ሃው አር ዩ?» ከኡስማን አፍ አመለጠ፤ ደነገጠ።

«ጉድ» አለ ኮሊን፣ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ።

አለቀ! ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ማንም ምንም አልመለሰም። ለካ በእንግሊዝኛ «እንዴት ነህ» ማለት በር ላይ ጫማ እንደ መጥረግ ነው፤ ጠርገው ያልፋሉ እንጂ ማንም ቆሞ አያስብበትም። ከሰባቱ አንዱንም አይነካም። ኡስማን እፎይ አለ፤ እፎይታው ደግሞ ገነፈለበት። ሲያንቀው ያደረው ሰው ናፋቂነት ሁሉ ኮሊን ላይ ፈሰሰ። ክፍሉን አሳየው፣ አወረደው፣ ውጭ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ከፔርሙዝ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀዳለት። ስለ ዋሪየርስ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ምንም ሳያውቅ አብሮት ተቆጣ። አብሮት ሳቀ።

ሁለቱ እየሳቁ ሳለ አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። የኋላ መስታወቷ ላይ በአማርኛ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ተጽፏል። አንዲት ሴት ልጆች ይዛ ወረደች።

የኡስማን ሳቅ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ሐበሻ!

ሴትየዋ ብርነሽ ትባላለች። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትረዳለች፤ ሥራዋ ወደ ኦክላንድ ስለተዛወረ ከሳንሆዜ ለመልቀቅ ቤት ስትፈልግ ነው የመጣችው። ኡስማን ግን ይህን አያውቅም። እንዴት ብሎ ያውቃል? አልጠየቀማ።

«ጤና ይስጥልኝ!» አለች ፊቷ በርቶ። «ሐበሻ ናቸው ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

ኡስማን ተነሣ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም።

«ደህና ነዎት? ቤተሰብ ሰላም ነው?»

«ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አለ ኡስማን።

ኮሊን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ኡስማንን በእጁ እያመሰገነ ሄደ። ብርነሽ ብርጭቆውን አየችው፤ ፔርሙዙንም አየችው። ወደ ውስጥ ገቡ።

ትንሹ ልጇ ህዝቅያስ ገና ከመግባቱ የደረጃውን መደገፊያ እንደ ፈረስ ሊጋልበው ሞከረ። «ተጠንቀቅ አባቴ» የሚለው ቃል የኡስማን ጉሮሮ ላይ መጥቶ ቆመ። የቤተሰብ ሁኔታ! ዋጠው። ዋጠውና ከልጁ ኋላ ሆኖ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ዶሮ ሊይዝ እንደሚያደባ ሰው እየተከተለ ወጣ። ታላቅ እህቱ ምሥጢር ወደ እሱ ዞር ባለች ቁጥር እጁን ወደ ኪሱ ይከታል፤ ፊቷን ወደ ላይ ስትመልስ ይዘረጋል።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ሂ ዱዊንግ?» አለች ምሥጢር።

«ዝም በይ» አለች ብርነሽ። ከዚያ፣ ነገሩን ለማለዘብ፣ «ጋሼ፣ አነጋገርዎ… ወሎ ነዎት?» አለች።

«መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው።»

«እናቴም ወሎዬ ናት እኮ! ከልጆቹ ጋር የምትውለው እሷ ናት። የእርስዎስ እናት በሕይወት አሉ?»

የኡስማን አእምሮ እዚህ ላይ በራ። ይቺ ናት! ቴስተሯ ይቺ ናት! እውነተኛ ቤት ፈላጊ ስለ ኪራዩ ይጠይቃል እንጂ የማኔጀሩን እናት ምን አስጠየቀው? ሰባቱንም በየተራ እያወረደችበት ነው!

«ምድጃው የጋዝ ነው» አለ ኡስማን።

ብርነሽ በቆመችበት ቀረች። በዚህ መሐል ህዝቅያስ አስነጠሰ። ኡስማን ጥርሱን ነከሰ። ልጁ ደገመ። በኡስማን ዕድሜ አንድ ሕፃን ፊቱ አስነጥሶ «ይማርህ» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ጤናም ሃይማኖትም ባንድ ቃል! ልጁ ሠለሰ፤ አፍንጫው ወረደ። ኡስማን ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ዞሮ በሩን ከፈተና ጭንቅላቱን ከተተ። እዚያ ውስጥ ሆኖ በሹክሹክታ «ይማርህ» አለ።

«ፍሪጁም ይሠራል» ብሎ ወጣ።

ብርነሽ የልጇን አፍንጫ ጠረገች። «ይሁን ጋሼ» አለች ድምጿ ቀዝቅዞ። «ገብቶኛል።» ልጆቿን ይዛ ወረደች። ኡስማን እጁን ዘርግቶ እስከ ታች ተከተላቸው።

ማታ ለሰውዳ በኩራት ነገራት።

«ቴስተሯ መጣች። አንዲት ቃል አላስወጣችኝም። እናትህ በሕይወት አሉ ወይ አለችኝ።»

ሰውዳ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። የኡስማን እናት ከሞተች ገና ዓመቷ ነው። «እና ምን ብለህ መለስክ?»

«ምድጃው የጋዝ ነው አልኳት።»

«ስለ እናትህ ተጠይቀህ… ምድጃው የጋዝ ነው?»

የኡስማን ኩራት እዚያው ሟሟ። ያን ማታ ምግብ አልወረደለትም።

ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ወሬው ቴሌግራፍ አቬኑን አዳረሰ። ክንፉ ምግብ ቤት ሰምቶ መጣ። «ሰላም የማይል ወሎዬ ተገኘ እየተባለ ነው» አለው። «አንድ ሰውዬ እንዲያውም ‹ወሎዬ አይሆንም፣ በደንብ አጣሩ› ብሎ ሲከራከር ነበር።» ወዲያው የሎሬይን ስልክ ተከተለ። ብርነሽ ኮምፕሌን አድርጋለች። ቅዳሜ ጠዋት ሎሬይን እሷን ይዛ ትመጣለች፤ ኡስማን ቁልፎቹን አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሰውዳ ከግሮሰሪ ባዶ ካርቶኖች ለቅማ ሳሎኑ ላይ ደረደረች። ሒክማ ካርቶኖቹን አይታ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ትምህርት ቤቷን አይታ፣ ክፍሏ ገባች። በእንግሊዝኛ እንኳ አላጉረመረመችም። ኡስማንን ከሁሉ ያደቀቀው ይህ ነው።

ቅዳሜ ሁሉም ደረጃው ሥር ቆሙ። ሎሬይን መሐል ነበረች፤ ብርነሽ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ኡስማን ቁልፎቹን ጨብጧል፤ ሰውዳ በሯን ገርበብ አድርጋ ታያለች።

«ይንገሩኝ» አለች ሎሬይን ለብርነሽ።

«እኔ ስመጣ አንድ ፈረንጅ ደረጃው ላይ አስቀምጠው ሻይ እያጠጡ ይሳሳቁ ነበር። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተቆለፈ። ጤና ይስጥልኝ ብል መልስ የለም። ልጄ ሲያስነጥስ ፍሪጅ ውስጥ ገቡ!» ወደ ኡስማን ዞራ በአማርኛ ጨመረች፤ «መኪናዬ ላይ ያለውን አንብበው ነው። ጴንጤ ስለሆንኩ ነው።»

«ወላሂ አላነበብኩትም! ማለት… አንብቤዋለሁ፤ ግን እንዳላነበብኩ ነበር የሆንኩት!»

«ኡስማን» አለች ሎሬይን፣ «ሕጉ የሚከለክለው ይህንኑ ነው። ለአንዱ ሻይ፣ ለሌላው ግድግዳ። ለምን?»

ኡስማን አስረዳ። ጣቶቹን እያጠፈ ሰባቱን ቆጠረ። በእንግሊዝኛ መጠየቅ ምንም እንደማያመጣ፣ በአማርኛ ግን ሰላምታ ማለት ምርመራ እንደሆነ፣ ብርነሽን ቴስተር ናት ብሎ እንደጠረጠረ ነገራት። ሎሬይን ግንባሯን ቋጠረች።

«ሰላምታ እኮ ነው። ቢበዛ ስንት ቃል ቢሆን ነው?»

ኡስማንና ብርነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አሳዩኝ» አለች ሎሬይን።

ብርነሽ አገጯን ቀና አደረገች። ተቆጥታለች፤ ግን የተጠየቀችው ሰላምታ ነው። ኡስማን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንደምን አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ደህና። ጤናሽስ?»

«ይመስገነው። ጤናዎስ?»

«ምን አሉ?» አለች ሎሬይን። ከበሩ ስንጥቅ ሰውዳ ተረጎመችላት። ሎሬይን አንድ ጣት አጠፈች። «ሃይማኖትም ገባ?» «በየመስመሩ» አለች ሰውዳ። ሎሬይን ሌላ ጣት አጠፈች።

ሰላምታ ደግሞ አንዴ ከተነሣ በራሱ እግር ይሄዳል። «ልጆች ደህና ናቸው?» «ደህና ናቸው፣ ይኸው ይረብሹኛል፤ የእርስዎስ?» «አንዲት ናት፣ ደህና ናት፣ አታናግረኝም።» «ባለቤትዎስ?» «አለሁ!» አለች ሰውዳ ከበሩ። «እናትሽስ? ወሎዬ ናት ብለሽኝ ነበር።»

«ጉልበቷን ታማብኛለች። ልጆቹን ስትጠብቅ ትወድቅብኛለች ብዬ ሥራ ላይ ሆኜ ስሰጋ ነው የምውለው።»

«ውይ! አላህ ያሽራት! አብሽሪ። ሐኪም አይቷታል?»

«እየታየች ነው። እናትዎስ ጋሼ? ባለፈው ስጠይቅዎ ስለ ምድጃው ነገሩኝ።»

ኡስማን ቁልፎቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አምና ሞተችብኝ።»

«ውይ!» ብርነሽ ልጆቿን ለቃ አፏን ያዘች። «ውይ ጋሼ! ነፍስ ይማር! እግዚአብሔር ያጽናዎት! አላወቅኩም እኮ!»

«አሚን። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።»

«ያጽናዎት። ያጽናዎት ጋሼ።»

ይህ ማሳያ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ክንፉ ከላይ ቆሻሻ ይዞ ሲወርድ ሰው ተሰብስቦ አየና እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደምን አደራችሁ፣ ሰላም ናችሁ፣ ልጆቹ የማን ናቸው፣ እንዴት ያምራሉ። ብርነሽ መለሰች፤ ኡስማን መለሰ፤ የክንፉ ወገብ ተጠየቀ፣ የኡስማንም ተጠየቀ። ሎሬይን ሰዓቷን አየች። የምታጥፈው ጣት አልቆባት ወደ ሌላ እጇ ተሻገረች።

በዚህ መሐል ህዝቅያስ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አሉ ኡስማን፣ ብርነሽ፣ ክንፉና ሰውዳ ባንድ አፍ።

«ብሌስ ዩ» አለች ሎሬይን።

ሁሉም ሎሬይንን አየ።

ክንፉ ጣቱን ቀሰረ። «ጤናም፣ ሃይማኖትም» አለ በእንግሊዝኛ። «ኡስማን፣ ቁልፏን ተረከባት።»

ሎሬይንን ሳቅ አሸነፋት። ተቀምጣ የማታውቀው ሴት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ስማኝ ኡስማን» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሕጉ አፍህን አልሰፋውም። የሚለው፣ ሰው ማንም ሆነ ማን በሩ እኩል ይከፈትለት ነው። የማያስፈልግህን አትጠይቅ፤ ግን ለአንዱ የምታደርገውን ለሌላውም አድርግ። ይህን ትሬኒንጉ ላይ ነግረዋችኋል እኮ።»

«መቼ?»

«ሰባቱን ከነገሯችሁ በኋላ።»

«እህ» አለ ኡስማን። «ያን ጊዜ እኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ።»

ሎሬይን ወደ ብርነሽ ዞረች። «ኮምፕሌኑ የእርስዎ ነው። ካሉ እቀጥላለሁ።»

የሒክማ ክፍል በር ቀጭ ሲል ተሰማ።

«አንድ ነገር ልጠይቃቸው» አለች ብርነሽ። «ጋሽ ኡስማን፣ ደረጃው ላይ እጅዎን ዘርግተው የተከተሉን ለምንድን ነው? ሊያስወጡን መስሎኝ ፈርቼ ነበር።»

ኡስማን መሬት መሬት አየ። «ልጁ ወደ ኋላ ቢወድቅ ልቀልበው ነው። ‹ተጠንቀቅ› ማለት ክልክል መስሎኝ።»

ብርነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብለው ሲሰጉ፣ ለካ እየሳቀች ነው።

«ኮምፕሌን የለኝም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ቤቱን ግን እፈልገዋለሁ። ያ ልጅ ካልወሰደው።»

«ኮሊን ፓሎ አልቶ አግኝቷል» አለች ሎሬይን። «ታች ሁለተኛ ቁጥርም ተለቋል። የቱን ይፈልጋሉ?»

«ላይኛውን። ልጆቹ መስኮቱን ወደውታል። እማማን እህቴ ትወስዳታለች፤ ሳንሆዜን አልለቅም ብላለች።»

ሁሉም ኡስማንን አየ። ኡስማን ህዝቅያስን አየ፤ መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ደረጃውን አየ። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ደረጃው…» አለ። ሎሬይን ቅንድቧን አነሣች። «ደረጃው፣ ደረጃ ነው» አለ ኡስማን።

ሰውዳ ካርቶኖቹን እዚያው እያጠፈች ወደ ውጭ ትወረውር ጀመር። ሒክማ ከክፍሏ ወጥታ፣ አባቷን አልፋ፣ አንዱን ካርቶን በእግሯ ረገጠችው።

ከዚያ በኋላ ኡስማን አዲስ ሥርዓት አወጣ። ጥያቄውን ሁሉ ከሰላምታው አውጥቶ ምርቃቱን ብቻ አስቀረ። ምርቃት ማንንም ምንም አይጠይቅም፤ የሰጡትን ይዞ መሄድ ነው። ቤት ሊያይ የመጣ ሁሉ፣ ቻይናዊም ይሁን ሜክሲኳዊ፣ ሽማግሌም ይሁን ኮረዳ፣ መጀመሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ኡስማን መዳፉን ዘርግቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «ስትገባ ሰላም፣ ስትወጣ ሰላም፣ እግርህ አይሰናከል፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ጎረቤትህ ይስማማህ» ይለዋል። አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ። «አሚን» ያለ ብሏል፤ ያላለም ሻዩን ጠጥቷል።

በበልግ ሎሬይን ደወለች። እውነተኞቹ ቴስተሮች ለካ መጥተው ሄደዋል፤ አንድ ጥቁር አሜሪካዊና አንድ ነጭ፣ በተለያየ ቀን። «ሁለቱም ተመሳሳይ ሻይ፣ ተመሳሳይ ምርቃት አግኝተናል ብለዋል» አለች። «እንዲህ ያለ ሪፖርት አይቼ አላውቅም። አንደኛው ደግሞ ክፍል ሲለቀቅ ይነገረኝ ብሏል፤ ለራሱ።»

ልታመሰግነው ስትመጣ ሌላ ነገር አየች። ከታች እስከ ሦስተኛ ፎቅ እያንዳንዱ ደረጃ ወፍራም ጎማ ተለብጧል፤ የመደገፊያው ጫፍ ሁሉ በስፖንጅ ተጠቅልሏል። ሎሬይን ላይ ድረስ ወጥታ አየችው።

«ኡስማን!» ብላ ጮኸች ከላይ። «ይሄ ለእነዚያ ልጆች ነው?»

«በፍጹም!» አለ ኡስማን ከታች። «ለሁሉም ነው። ክንፉም ይወድቃል።»

ሎሬይን ራሷን እየነቀነቀች፣ እንደ ልማዷ በጥድፊያ መውረድ ጀመረች። የመጨረሻው እጥፋት ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ኡስማን ደረጃው ሥር ቆሟል፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ ሁለት እጁን ዘርጋ አድርጎ፣ ዓይኑን ከእግሯ ላይ ሳይነቅል።